ብርድ ልብስ የለበሰው በረዶ

«ግፈፈው አልኩህ!»

«አልገፍፍም!»

«አንተ ፌንጣ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ላይ ብርድ ልብስ ትቆልላለህ?»

«በረዶው መቼ ታመመ?»

«ይኸው እያላበው አይደል! እየው እስቲ! እየው!»

አጎቴ በጅራፉ እጀታ ወደ ጋሪው ሆድ ጠቆመኝ። እውነቱን ነው፤ በጣውላው ስንጥቅ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካና አሳየኝ፣ የታመመ ልጅ ግንባር የነካ ይመስል።

«ሦስት ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር ሰጋቱራ! አንተን እንዲህ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ባስቀምጥህ እስካሁን አጥንትህ ነበር የሚቀረው።»

«እትዬ እንዳትነኩት ብለዋል።»

«እሷ ማሽኑን ታውቃለች። መንገድና ፀሐይ የማውቅ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳሁት በእንቅልፌ ነው?»

ይሄን ማን ይመልሳል? እኔ ፊደል ግማሹን ቆጥሬ በመስኮት ዘልዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፌንጣ ያሉኝም ያኔ ነው። በዛ ዘመን ደግሞ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ በጋሪ ሲሄድ ያየ ሰው አልነበረም። ብርድ ልብስ ያሞቃል። በረዶ ሙቀት አይወድም። በቃ፣ አጎቴ አሸነፈኝ።

ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የተነሳነው። ወንዙ ዳር የዛፍ ጥላ አለ። ሦስቱ ብርድ ልብሶች ደግሞ አዲስ ናቸው፣ ወፍራም፣ ከፋብሪካ የወጡ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አዲስ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቼ አላውቅም።

«እሺ ግፈፈው፤ ብርድ ልብሶቹን ግን ለኔ ስጠኝ፣ እጠብቃቸዋለሁ» አልኩት።

አጎቴ ብርድ ልብሱን ገፈፈ፣ ጆንያውን ገፈፈ፣ ሰጋቱራውንም «አየር ያግኝ» እያለ በመጥረጊያ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ጨመረው። ከሁለቱም ጋሪ። አራት አራት ብሎክ በረዶ፣ እያንዳንዱ የበር ደፍ የሚያክል፣ ሰማያዊ ሆኖ ፀሐይ ላይ ቁጭ አለ። አጎቴ አያቸውና «አሁን ተነፈሱ» አለ። በቅሎዎቹን አጠጣን። ከዚያ እኔ ብርድ ልብሶቹን «መጠበቅ» ጀመርኩ። አጎቴም ከጎኔ መጥቶ ትንሽ ጠበቀ።

እኛ እንግዲህ ስንጠብቅ፣ የማን በረዶ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሠላሳ ነበርን። ሠላሳችንም ውሃ አመላላሾች። ገሚሱ በጀርባው፣ ገሚሱ በርሜል እየገፋ፣ እኔና አጎቴ በበቅሎ ጋሪ፣ ከተማውን ውሃ የምናጠጣ እኛ ነበርን። እትዬም ከኛው አንዷ ናቸው፤ በርሜል የሚገፉ ሴት። ከዚያ ቧንቧ ገባ። አንድ ጠዋት ስንነሳ የብረት ቱቦ ከተማውን ዞሮታል፤ ሰው በር ስናንኳኳ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ይለን ጀመር።

የዛን ቀን እትዬ ባዶ በርሜላቸውን ገልብጠው ላዩ ላይ ወጡ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ሲናገሩ ጫማ አይወዱም። ትልቁን ጥቁር ጃንጥላቸውን ወደ ቧንቧው ቀሰሩና፣ «ወንድሞቼ፣ ይሄ ቱቦ ውሃ ያመጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ያመጣል?» አሉ።

«አያመጣም!» አልን።

«እኛ እናመጣለን!»

ሠላሳችንም ጮኸን፣ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን ወረወረ። ቀዝቃዛው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሴትዮዋ ሲናገሩ መጠየቅ ይረሳል። ማታ ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው «ቆይ፣ ለምንድነው እሺ ያልኩት?» የምትለው። በነጋታው ግን ተመልሰህ ትሄዳለህ።

እንዴት እንዳደረጉት እንጃ፣ በስምንተኛው ወር ማሽኑ በአርባ ሣጥን ተጭኖ መጣ። እንደ አህያ ያናፋል፣ እንደ ሽንት ቤት ይሸታል። ባቡር ያልፍበታል ተብሎ የተሠራ መጋዘን ከተማችን ውስጥ ነበር፤ ባቡሩ ሐሳቡን ቀይሮ በቆላው በኩል ሄደና መጋዘኑ ባዶውን ቀረ። እዛ ውስጥ ተከልነው። የመጀመሪያው በረዶ ሲወጣ እትዬ ሠላሳችንንም አሰለፉና ሁላችንንም በባዶ እጅ አስያዙን። የሚያለቅስ ነበረ፣ የሚሳደብ ነበረ። «የናንተ የሚሆነው ያያችሁት ነገር አይደለም፣ የያዛችሁት ነገር ነው» አሉ። ከዛን ቀን በኋላ ማሽኑን እንደ ልጃችን ነው የምናየው።

መጋዘኑ ግን የባቡር ኩባንያው ነው። የቆላው ጣቢያ ሹም፣ ድሮ ወታደር የነበሩ ሻለቃ፣ ደብዳቤ ጻፉ። ከማሽኑ ጋር የመጣው መካኒክ ነው ያነበበልን። ከሐይቁ ዓሣ የሚጭነው ባቡር ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ በጣቢያቸው ያልፋል። ዓሣው ዋና ከተማ ሲደርስ እየገማ አስቸግሯል። ስምንት ብሎክ በረዶ ሐሙስ ስምንት ሰዓት እዛ ከተገኘ፣ በየሳምንቱ ከኛ ይወስዳሉ። ካልተገኘ መጋዘኑን ለከሰል ይፈልጉታል።

ማለት ማሽኑ ሜዳ ላይ፣ እኛም ከማሽኑ ጋር።

እንግዲህ ያ ሐሙስ ይሄ ሐሙስ ነው። በዛ ሁሉ ሰው መሐል እትዬ በረዶውን ያመኑት ለኔና ለአጎቴ ነው። «በቅሎ አጠጡና ቀጥሉ፤ ማሽኑን አስነስቼ እደርስባችኋለሁ» ብለውን ነበር።

ደረሱብን።

የቀሰቀሰኝ የበቅሎ ኮቴ ነው። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ከግራጫዋ በቅሎ ወርደው ጋሪው ጎን ቆመዋል፤ ጃንጥላው በአንድ እጅ፣ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት የወንድ የኪስ ሰዓት በሌላው። ከጋሪው ሥር የሚወርደው ጠብታ መሆኑ ቀርቷል። ይፈሳል። ወደ ወንዙ ቀጭን መንገድ አብጅቶ ይወርዳል።

አጎቴ ተነሳ። አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። «እኔማ አየር እንዲያገኝ ብዬ…» አለና ቀረ።

እኔ ስድብ ጠበቅኩ። ጃንጥላውንም ጠበቅኩ፣ ጭንቅላቴን በእጄ ሸፍኜ። እትዬ ግን መዳፋቸውን በረዶው ላይ አሳረፉ። ጠርዙ ሁሉ ሞቷል፤ የበር ደፍ የነበረው ትራስ መስሏል። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ስንት ቀረ?» አሉ።

«ስምንት» አልኩ።

«ስንት ነበር የጫንነው?»

«ስምንት።»

«ታዲያ ምን አስደነገጣችሁ?»

እዩልኝ እንግዲህ! ሳቄ መጣ። እትዬ ጫማቸውን አወለቁ። ለሁለት ሰውና ለአምስት በቅሎ ንግግር ሊያደርጉ ነው።

«ስሙኝ። ይሄ ነገር ሲበታተን ነው የሚያልቀው። ስምንቱንም አንድ ጋሪ ላይ፣ አንዱን ካንዱ አጣብቁና ብርድ ልብሶቹን መልሳችሁ አልብሱት። አራቱንም በቅሎ እሱ ላይ ጥመዱ። ሌላው ጋሪ እዚሁ ይቅር። ሰጋቱራው የታለ?»

አጎቴ ወንዙን አየ። እኔም ወንዙን አየሁ። እትዬም አዩት።

«እሺ» አሉ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «ሌላ እንፈልጋለን።»

ያን ጋሪ እንዴት እንደነዳነው አልነግራችሁም፣ አጎቴ ዛሬም ስለሱ ሲወራ ይቆጣል። ብቻ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አናጺዎች የሚበዙበት መንደር ገባን። መንገዱ ግራና ቀኙ አልጋ፣ በር፣ የሬሳ ሣጥን ነው። ከሁሉም ትልቁ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሰጋቱራ ተራራ አለ። ተራራው ሥር ባለቤቱ ተቀምጧል፤ አንድ ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ በጨርቅ ታስሯል።

«ወንድሜ፣ ሰጋቱራ ፈልገን ነበር» አሉ እትዬ።

«ሂዱ ከዚህ!» አለ አናጺው በግማሽ አፉ። «ሦስት ቀን አልተኛሁም፣ ጥርሴን እያመመኝ ነው። የምን ሰጋቱራ ነው!»

«ልትጥለው አይደል?»

«አቃጥለዋለሁ እንጂ አልሰጥም! እናንተንም አብሬ!»

አጎቴ ጅራፉን ጠበቅ አደረገ። እኔ በልቤ የሰውዬውን ጉንጭ በሌላ በኩልም ማሳበጥ ፈልጌ ነበር። እትዬ ግን ወደ ጋሪው ሄደው ከብሎኩ ጥግ ፍንጣሪ በጃንጥላቸው ጫፍ ሰብረው አወጡ፣ በመሐረባቸው ጠቀለሉት፣ መጥተውም አናጺው ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ዓይንህን ጨፍን።»

«ለምን?»

«ጨፍን አልኩህ፣ ወንድሜ።»

ጨፈነ። ነገርኳችሁ እኮ፣ ሴትዮዋ ሲናገሩ መጠየቅ ይረሳል። መሐረቡን ጉንጩ ላይ ለጠፉት። ሰውዬው ዘለለ፣ ጮኸ፣ ሊመታቸው እጁን አነሳ። ከዚያ እጁ እንደተነሳ ቀረ። ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ። አፉ ተከፈተ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የበቅሎ ነው የሰው ለማለት ይከብዳል።

«ምንድነው እሱ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ውሃ ነው።»

«ውሃማ አይደለም!»

«ሲቆም እንዲህ ነው። ሰጋቱራው ካለ ቆሞ ይቆያል። ከሌለ ይሄዳል፣ ያንተም የጥርስ ሕመም ይመለሳል።»

አናጺው ተነስቶ ወደ ሱቁ ጮኸ። ስድስት ሠራተኞቹ አካፋና ቅርጫት ይዘው ወጡ። የጎረቤቶቹም ወጡ። እትዬ መንገዱ መሐል ቆመው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ሙዚቃ መሪ እያወናጨፉ፣ «ከሥር! ከጎን! ክፍተት እንዳይኖር! አንተ ባለ ቀይ ሹራብ፣ ጉልበት ካለህ አሳየኝ!» ይላሉ። ባለ ቀይ ሹራቡን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም፤ እሱ ግን እናቱ የጠራችው ይመስል እየሮጠ ይዝቃል። ሰጋቱራ፣ ጆንያ፣ ሦስቱ ብርድ ልብሶች፣ ከላይ በገመድ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አናጺው ራሱ መሐረቡን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ጋሪው ላይ ወጣ።

«አንተ ወዴት?» አልኩት።

«በረዶው ወደሚሄድበት።»

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጣቢያው ደረስን። ቆላው እሳት ነው። ሐዲዱ ከሙቀት ብዛት የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ሻለቃው በረንዳ ላይ ቆመዋል፤ የናስ ምልክት ያለበት ባርኔጣ፣ ደረታቸው ላይ ፊሽካ፣ በእጃቸው ከዘራ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ።

«ሻለቃ፣ እንደምን ዋሉ? በረዶዎን አመጣሁ» አሉ እትዬ።

ሻለቃው ብርድ ልብሱን በከዘራቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ሰጋቱራውን ጫር ጫር አደረጉ። አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ይሄ ስምንት ብሎክ ነው ወይስ ስምንት ሳሙና?»

«ደብዳቤዎ ስምንት ይላል። ወፍራም የሚል ካለበት ያንብቡልኝ።»

ሻለቃው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ገቡ። እጀታውን ሲያዞሩ፣ «ሃሎ! ሃሎ!» ሲሉ እንሰማለን። ተመልሰው ሲወጡ ከጺማቸው ሥር ፈገግ ብለዋል። ፈገግታው ግን ለኛ አልነበረም።

«ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይዘገያል» አሉ። «ሳሙናዎችሽ እስከዛ ይቆዩልሽ ይሆን፣ እመቤት?»

ያ ባቡር ሰዓት አክብሮ የመጣበትን ቀን ያየ ሰው ካለ እጄን ይምታኝ! ግን ለምን ዛሬ?

እትዬ ብርድ ልብሱን መልሰው ሸፈኑት። ዳር ዳሩን በእጃቸው ጠቀጠቁት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። «ወንበር ይስጡኝ» አሉ። ጋሪው ጎን ተቀመጡና ጃንጥላቸውን በበረዶው ላይ ዘረጉ። እሳቸው ፀሐይ ላይ፣ በረዶው ጥላ ውስጥ። «ማንም አይክፈት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አጎቴ በጋሪው ዙሪያ እንደ ዝንብ ይዞራል።

«ትንሽ ብቻ ገለጥ አድርጌ ልየው?»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ቢያልቅስ?»

«ካለቀም ቢከፍቱት አይመለስም።»

ዘጠኝ ተኩል። አናጺው መሐረቡን ጨመቀ፤ ደርቋል። ቀና ብሎ ጋሪውን አየ፣ እትዬን አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። ሻለቃው በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያሉ በስንጥቁ የሚወርደውን ጠብታ ያያሉ፤ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ይገባሉ።

እትዬ ከወንበሩ አልተነሱም። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ውሃ ላቀብላቸው ቀረብ ስል እጃቸውን አየሁት። የጃንጥላው ዘንግ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጃንጥላው ግን ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ገባኝ። ሴትዮዋ አያውቁም። ይድረስ አይድረስ፣ ብርድ ልብሱ ይሥራ አይሥራ፣ እሳቸውም እንደኛው አያውቁም። ሠላሳ ሰው እሳቸውን አይቶ ይበረታል፤ እሳቸው ማንን ያያሉ? በርሜሉ ላይ ከወጡባት ቀን ጀምሮ እንዲህ ሲንቀጠቀጡ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ንግግሩን ስንሰማ እጃቸውን ያየ የለም። ውሃውን ሰጠኋቸውና ዘንጉን ከእጃቸው ተቀበልኩ። «ደከሙ፣ እኔ ልያዝ» አልኩ። ለቀቁልኝ። ፌንጣ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘል አንድ ቦታ የቆመው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጭሱ ታየ። ፊሽካው ጮኸ። ባቡሩ ገብቶ ሲቆም የዓሣው ፉርጎ በር ተከፈተና ሽታው ሁላችንንም በአንድ ጥፊ መታን። በቅርጫት የተደረደረ ዓሣ አፉን ከፍቶ ያየናል። ጫኙ አፍንጫውን በክንዱ ይዞ፣ «የታለ የተባለው ነገር?» አለ።

«ይክፈቱት፣ ሻለቃ» አሉ እትዬ።

ሻለቃው ገመዱን ራሳቸው ፈቱ። ብርድ ልብስ አንድ። ሁለት። ሦስት። ጆንያው። ሰጋቱራው ከላይ እርጥብ ነው። ከዘራቸውን ጥለው በእጃቸው ጠረጉት። አጎቴ ክንዴን ጨብጦ ሊሰብረው ነው።

ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ።

ስምንት! ስምንቱም! አናጺዎቹ ጋ እንደጠቀለልናቸው፣ ብትለካቸው ጣት አይጎድሉም። እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ግድግዳ ሆነዋል፤ በብረት ነው ያላቀቅናቸው። ጫኙ በመጥረቢያ እየፈለጠ በቅርጫቶቹ መሐል ሲደረድር፣ ከፉርጎው ውስጥ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን ዳበሰን። ሻለቃው አንዲት ፍንጣሪ ብርጭቋቸው ውስጥ ጨመሩ። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልክ እንደ አናጺው።

«በሚቀጥለው ሐሙስ አሥራ ሁለት አምጪ» አሉ። «ወፍራም።»

«መጋዘኑስ?»

«ከሰል ውጭም ያድራል።»

ባቡሩ ሄደ። እኔ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አልኩ። አጎቴ ባዶ ጋሪውን ተደግፎ እየሳቀ ያለቅሳል። አናጺው አዲስ ፍንጣሪ ጉንጩ ላይ ይዞ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «የኔ ሰጋቱራ ነው! የኔ!» ይላል። እትዬ በሻለቃው ስልክ የከተማችንን ፖስታ ቤት አስጠሩ፤ ሠላሳ ሊሆን ሦስት የጎደለው ሰው እዛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። «ደረሰ» አሉ። አንዲት ቃል። በስልኩ ውስጥ የመጣው ጩኸት በረንዳው ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። ንግግር ሊያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ እግራቸውን ብቻ ዘረጉ።

እኔም አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገር ብዬ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ጠዋት ብርድ ልብሱን… እኔም አለሁበት። ተኝቼበት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ጉንጭህ ላይ ሽመናው ታትሞ ነበር።»

«ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ?»

«ብቆጣህ ጋሪውን ማን ይነዳልኝ ነበር?»

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳ ሰው፣ ከሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ቆመ።

«እህቴ፣ አልዋሽሽም። ይሄ የብርድ ልብስ ነገር አሁንም አልገባኝም። እንዲያሞቅ የተሠራ ነገር እንዴት ያቀዘቅዛል? አላምነውም። አንቺን ግን አምናለሁ። ገደል ግቡ ብትዪን እንገባለን፤ ሠላሳችንም እንገባለን!»

እትዬ የሚያሳክካቸውን እግር እያከኩ ቀና ብለው አዩት።

«እኔንም አይመኑኝ፣ ጋሼ። ብርድ ልብሱን ብቻ አይግፈፉ።»